አንድ የሩጫ ጫማ ለሁሉም ነገር ለምታደርጉ ሰዎች፣ ምቾቱን እንዴት እንደምትሞክሩት

እኛ ጋ፣ ማለቴ ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ፣ የሩጫ ጫማ ገዝቶ ለሩጫ ብቻ የሚያስቀምጥ ሰው ብዙ አይደለም። ጠዋት 12 ሰዓት ሶምሶማ የወጣንበት ጫማ ነው 2 ሰዓት ላይ ስራ ይዞን የሚገባው፣ ከሰዓት ገበያ የሚወስደን፣ ቅዳሜ ለቅሶ የሚያደርሰን። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ በቀን አምስት ክፍለ ጊዜ ቆሜ አስተምራለሁ፣ በሳምንት አራት ቀን እሮጣለሁ፣ ሁለቱንም በአንድ ጫማ ነው የማደርገው። ስለዚህ ለሩጫ አሪፍ ሆኖ ስቆም ካቃጠለኝ፣ ወይ ለመቆም ተመችቶ ዳገት ላይ ተረከዜ ከወጣ፣ ለኔ ያ ግማሽ ጫማ ነው። ደግሞ አብዛኛው ሱቅ አንዴ ከከፈላችሁ አይመልስም፣ "ሮጬበት አልተመቸኝም" ብሎ መመለስ የሚባል ነገር እኛ ጋ የለም፣ ስለዚህ የሙከራው ግማሽ ከመክፈላችሁ በፊት ማለቅ አለበት፣ ሌላው ግማሽ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ስራ ነው።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልበል። ለስላሳ ማለት ምቹ ማለት አይደለም። ሱቅ ስትገቡ ባለሱቁ ጫማውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን እያደረገ "እህቴ እይው ስፖንጅ እኮ ነው፣ ደመና ነው" ይላችኋል፣ እውነት ነው ለስላሳ ነው፣ ግን እግራችሁ እዛ ውስጥ አንድ ሰዓት ሲቆይ ምን እንደሚሆን አውራ ጣቱ አያውቅም። ከሶስት አመት በፊት እኔም በዛች ልስላሴ ብቻ ብዙ ሺህ ብር ከፍዬ አንድ ጫማ ገዛሁ፣ ሱቁ ውስጥ ሁለት እርምጃ ነው የተራመድኩበት። ወር ሳይሞላው ከጓደኞቼ ጋር ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በእግር ወረድን፣ ያንን ቁልቁለት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ እግሬ ወደፊት እየሸሸ ጣቶቼ ጫፉን ሲመቱት ዋሉ፣ ሁለት ጥፍሬ ጠቆረ፣ አንዱ በኋላ ወደቀ። ጫማው ለስላሳ ነበር፣ ግን በግማሽ ቁጥር አንሶኝ ነበር፣ ተረከዜንም አልያዘውም ነበር፣ ሁለቱንም ሱቁ ውስጥ አምስት ደቂቃ ብቆይ አውቀው ነበር። ከዛ በኋላ ነው ይሄን ነገር በስርዓት መስራት የጀመርኩት።

ከቤት ሳትወጡ

አሮጌውን ጫማችሁን ገልብጡና ስሩን እዩ። ጎማው የትኛው ጋ ነው ያለቀው? ከተረከዝ ውጪኛው ጠርዝ ትንሽ ማለቅ የተለመደ ነው፣ ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚረግጠው። ውስጠኛው ጎን ብቻ ተበልቶ ጫማው ወደ ውስጥ ካዘነበለ ግን በጣም ለስላሳና ጠባብ መሰረት ያለው ጫማ ይባስ ያዘነብልባችኋል፣ ሰፋ ያለ ሶል ያለው ፈልጉ። እኔ ይሄን ያወቅኩት ከተማሪዬ ነው፣ ክለብ ገብታ የምትሮጥ ልጅ ናት፣ አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ከኋላ አይታ "ቲቸር፣ ጫማዎት እኮ ወደ ውስጥ ተኝቷል፣ ጉልበትዎትን አያምዎትም?" አለችኝ። ያመኝ ነበር።

ቀጥሎ እግራችሁን ለኩ። ወረቀት ወለል ላይ አንጥፉ፣ ግድግዳ አስጠጉት፣ ተረከዛችሁን ግድግዳው ላይ አድርጋችሁ ቁሙ፣ ቁሙ ነው ያልኩት፣ ተቀምጦ የተለካ እግር ያጥራል፣ ከዛ የረዘመው ጣት ጫፍ ላይ ምልክት አድርጉ። ሁለቱንም እግር። ብዙ ሰው አንደኛው ይበልጣል፣ ጫማ የሚገዛው ለትልቁ ነው። እዛ ላይ አንድ ሴንቲ ገደማ ክፍት ቦታ ያስፈልጋችኋል፣ ስትሮጡ እግር ያብጣል ወደፊትም ይሄዳል። 38 ወይ 41 የሚለው ቁጥር ከብራንድ ብራንድ ስለሚለያይ ብቻውን አትመኑት፣ ምላሱ ስር ያለው ሌብል ላይ በሴንቲ ሜትር የተጻፈውንም እዩ።

ሱቅ የምትሄዱት ከሰዓት፣ 10 ሰዓት 11 ሰዓት አካባቢ ይሁን። ቀኑን ሙሉ የቆመ እግር ከጠዋቱ እግር ይተልቃል፣ ጠዋት ልክክ ያለ ጫማ ማታ ይጨመድዳል። የምትሮጡበትን ካልሲም ይዛችሁ ሂዱ። ደብረ ብርሃን ላይ በታህሳስ ወፍራም ካልሲ አድርጎ የሚሮጥ ሰው በስስ ካልሲ ለክቶ ከገዛ የገዛው ለሌላ ከተማ ነው።

ሱቅ ውስጥ

እዚህ ጋ አትቸኩሉ፣ ባለሱቁ ቢሰለችም ይሰልች፣ ገንዘቡ የናንተ ነው። መጀመሪያ ጫማዎቹን ጠረጴዛ ወይ ባንኮኒ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጡና ዝቅ ብላችሁ ከኋላቸው እዩ። ሁለቱም ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው፣ አንዱ ካዘነበለ ወይም ሲነካ ከተንገዳገደ ሲሰራ ነው የተበላሸው፣ ተዉት። ከዛ ጫፉንና ተረከዙን ይዛችሁ እንደ እርጥብ ልብስ ጠምዝዙት። ትንሽ ይጠመዘዝ፣ ሙሉ በሙሉ ከተጠመዘዘ ግን ኮብልስቶን ላይ ቀጥ አድርጎ የሚይዛችሁ ቁርጭምጭሚታችሁ ብቻ ነው የሚሆነው። ቀጥሎ እጠፉት፣ መታጠፍ ያለበት ጣት የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነው፣ መሃሉ ላይ ከታጠፈ ደካማ ነው። ወፍራም ሶል ያላቸውና ፊታቸው ወደ ላይ ቀና ያለው አዳዲሶቹ ጫማዎች ብዙም አይታጠፉም፣ እነሱ በመታጠፍ ፋንታ እግርን ወደፊት እያንከባለሉ ነው የሚሰሩት፣ ያ ችግር አይደለም።

አሁን ውስጥ የሚነጠፈውን አውጡት። ወለል ላይ አድርጋችሁ ቁሙበት። እግራችሁ በጎን ከፈሰሰ ጫማው ጠባብ ነው፣ ከጣታችሁ ፊት ደግሞ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ከቀረ ልክ ነው። ይሄ ከምንም በላይ የማምነው ሙከራ ነው፣ ምክንያቱም ላዩ ጨርቅ ስለሚለጠጥ ጫማው ውስጥ ሆናችሁ ጥበቱ ቶሎ አይሰማችሁም፣ ትንሿ ጣታችሁ ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ ትነግራችኋለች።

መልሳችሁ አግቡና ሁለቱንም አጥልቁ፣ ክሩን እስከመጨረሻው እሰሩ። አንዱን ብቻ ለክታችሁ አትውጡ። ተረከዛችሁን አንስታችሁ በጣታችሁ ቁሙ፣ ተረከዝ ከጫማው ይወጣል? የእጃችሁን አንድ ጣት ከተረከዛችሁ ኋላ ማስገባት ትችላላችሁ? ከቻላችሁ መጀመሪያ ክሩን ሞክሩት። ብዙ የሩጫ ጫማ ላይኛው ጫፍ ላይ አንድ ትርፍ ቀዳዳ አለው፣ አብዛኛው ሰው ለጌጥ ይመስለዋል። ክሩን በዛው ጎን ባለው ትርፍ ቀዳዳ አስገብታችሁ ትንሽ ቀለበት ስሩ፣ በሌላውም ጎን እንደዛው፣ ከዛ የግራውን ክር በቀኙ ቀለበት የቀኙን በግራው አሳልፉና ወደ ታች ስባችሁ እሰሩ። ተረከዝ ጥርቅም ይላል። በዚህም ካልያዘ ጫማው የናንተ አይደለም።

ከዛ ወጣ ብላችሁ ደረጃ ካለ ደረጃ ላይ ውጡ ውረዱ፣ ባለሱቁን ፍቃድ ጠይቁት፣ አብዛኛው ይፈቅዳል፣ ስሩ እንዳይቆሽሽበት ካርቶን ካነጠፈላችሁም ካርቶኑ ላይ በቦታችሁ ዱብ ዱብ በሉ። ስትወርዱ ጣታችሁ ጫፉን ነካ? በቃ፣ አንድ ቁጥር ጨምሩ። "ይሰፋል" ሲሏችሁ አትስሙ፣ ጨርቁ ወደ ጎን ትንሽ ይሰፋል፣ ርዝመት ግን አይጨምርም።

ሰልባጅ ለምትገዙ ደግሞ፣ እኔም ገዝቼ አውቃለሁ ጥሩ ነገር ይገኛል፣ መሃሉን ስፖንጅ በጎን እዩት፣ አግድም የተሸበሸበ መስመር ከበዛበት ስፖንጁ ሞቷል ማለት ነው፣ ላዩ የቱን ያህል አዲስ ቢመስል። በአውራ ጣት ተጫኑት፣ እንደ ድንጋይ ከሆነ ወይም ገብቶ ካልተመለሰ ተዉት። ስፖንጅ ሳይደረግም በእድሜ ይደርቃል፣ አንዳንድ ብራንድ ምላሱ ስር ባለው ትንሽ ሌብል ላይ የተመረተበትን ጊዜ ስለሚጽፍ እዛ ላይ ማየት ነው። ኮፒ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በኃይለኛ የማስቲሽ ሽታ ነው።

ስለ ቁጥሮቹ ትንሽ

የእለት ተእለት የሚባለው ለስላሳ ጫማ አብዛኛውን ጊዜ ተረከዙ ስር 35 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፣ ክብደቱ በወንድ ቁጥር ከ250 እስከ 300 ግራም አካባቢ ነው። ለውድድር እንኳን የዓለም አትሌቲክስ ለጎዳና ሩጫ የፈቀደው ከፍተኛው ውፍረት 40 ሚሊ ሜትር ነው፣ ስለዚህ ከዛ በላይ የሆነ ነገር ለኛ ኮብልስቶን ከፍታው ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሌላው ድሮፕ የሚሉት ነው፣ ተረከዙ ከፊቱ በስንት እንደሚበልጥ ማለት ነው። ናይኪ ፔጋሰስ የሚባለው ጫማ፣ ከ1983 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየጊዜው እየታደሰ የሚወጣው፣ 10 ሚሊ አካባቢ ነው፣ ሆካ ክሊፍተን የሚባለው ደግሞ ለረጅም ጊዜ 5 ነበር። ድሮፑ ዝቅ ሲል ስራው ወደ ባትና ከተረከዝ በላይ ወዳለው ጅማት ይሄዳል፣ ከፍ ሲል ወደ ጉልበት። የቱ ይሻላል የሚል ነገር የለም፣ ግን በ10 ለምዳችሁ በድንገት ወደ 5 ከገባችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ባታችሁ ይታሰራል፣ ያኔ ጫማው መጥፎ ነው ብላችሁ እንዳትጥሉት፣ ቀስ ብላችሁ ግቡበት።

ውርጩና ስፖንጁ

ይሄን የሚጽፍ ሰው አላየሁም፣ ለኛ ግን ትልቅ ነገር ነው። ብዙው ጫማ የሚሰራበት ኢቪኤ የሚባለው ስፖንጅ ሲበርደው ይደርቃል፣ ሲሞቀው ይለሰልሳል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው፣ ህዳርና ታህሳስ ጠዋት ሳሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የምናገኘው። በዛ ሰዓት በረንዳ ላይ ያደረ ጫማ አጥልቃችሁ ስትወጡ ሱቅ ውስጥ የተጫናችሁት ያ ደመና የለም፣ ጣውላ ነው። እና ሰው በመጀመሪያው ጠዋት "ተታለልኩ" ይላል። አልተታለለም፣ ጫማው ስለበረደው ነው። ፔባና ቲፒዩ የሚባሉት ሌሎቹ የስፖንጅ ዓይነቶች ብርድ ላይ ይሻላሉ፣ ዋጋቸው ግን ከፍ ይላል።

ሙከራው ቀላል ነው። ማታ ጫማውን በረንዳ ላይ አሳድሩት፣ ሌባ ከፈራችሁ መስኮት ስር፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስፖንጁን በጎን በአውራ ጣት ተጫኑት፣ ከዛ 7 ሰዓት ላይ ፀሐይ ካገኘው በኋላ እንደገና ተጫኑት። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ጫማው ለኛ አየር ሆኗል። ትልቅ ከሆነም መፍትሄ አለው፣ ቤት ውስጥ አልጋ ስር ይደር፣ የመጀመሪያዎቹ አስር ደቂቃዎችን በእርምጃ ጀምሩ፣ የእግራችሁ ሙቀት ያለሰልሰዋል። ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ደግሞ በተቃራኒው ነው፣ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ ወደ 1,300 ሜትር አካባቢ ከፍታ ወርዳችሁ ቆላ ትገባላችሁ፣ ያው ጫማ እዛ እንደ ሊጥ ይሆናል፣ እግራችሁም ያብጣል። እኔ ሮቢት ዘመድ ጋ ስሄድ ክሩን አንድ ቀዳዳ ላላ አድርጌ ነው የማስረው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ቤት ውስጥ ብቻ አድርጉት፣ ወጥ ስትሰሩ፣ ልብስ ስታጣጥፉ፣ ደብተር ስታርሙ። እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ዘዴ አለ፣ በአንድ እግር አዲሱን በሌላው አሮጌውን አጥልቃችሁ ሳሎን ውስጥ ትንሽ ተራመዱ። የሁለቱ ልዩነት በአንዴ ነው የሚገባችሁ፣ የትኛው ወደ ጎን እንደሚጥል፣ የትኛው ከፍ እንደሚል። በዛ ሁኔታ ግን አትሩጡ፣ ወገባችሁን ታዛባላችሁ።

ከዛ አንድ ሙሉ የስራ ቀን። እኔ ለመቆም የማየው ሶስት ነገር ነው፣ ከጣቶቼ ስር ያለው ወፍራም ቦታ ያቃጥላል ወይ፣ ከላይ ክሩ የተቀመጠበት ይደነዝዛል ወይ፣ እና ከምሳ በኋላ ክብደቴን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማዛወር ጀመርኩ ወይ። በጣም ለስላሳ ጫማ ለመቆም ጥሩ ይመስላል፣ ግን እግር በውስጡ ሚዛን ለመጠበቅ ሳያቋርጥ ይሰራል፣ ለዛ ነው አንዳንዱ ሰው በስፖንጅ ጫማ ቆሞ ውሎ ማታ ባቱን የሚያመው። መካከለኛ ልስላሴ ያለው፣ ስሩ ሰፊ የሆነ ነው ለመቆም የሚሻለው፣ ይሄ የኔ ፍርድ ነው ግን ከብዙ ጫማ በኋላ የመጣ ነው።

ከዛ ሩጫው። ሁሌ የምታውቁትን መንገድ ሩጡ፣ አዲስ ጫማና አዲስ መንገድ አንድ ላይ ከሆኑ የቱ እንዳመማችሁ አታውቁም። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሶምሶማ፣ እያወራችሁ መሮጥ በምትችሉበት ፍጥነት። እኔ መንገዴን ሶስት ዓይነት መሬት እንዲኖረው አድርጌ ነው የመረጥኩት፣ አስፓልት፣ ኮብልስቶንና ኮሮኮንች።

አስፓልት ላይ የምታዳምጡት ድምፁን ነው። ጫማው ጧ ጧ ካለ ወይ ጎማው ደርቋል ወይ አረጋገጣችሁን ቀይሮታል። ኮብልስቶን ላይ ቁርጭምጭሚታችሁን አዳምጡ፣ ድንጋዩ መሃል ሲረገጥ ጫማው ይከነብላል ወይስ ድንጋዩን ይውጠዋል? ሲዘንብ ኮብልስቶን ሙልጭ ይላል፣ ስለዚህ አንድ ቀን ዝናብ ካባራ በኋላ ቀስ ብላችሁ ተራመዱበት፣ ስሩ ላይ ጎማ ሳይኖረው ስፖንጁ ብቻ መሬት የሚነካ ጫማ እዛ ላይ ያንሸራትታል፣ ኮሮኮንች ላይም ቶሎ ይበላል። ኮሮኮንች ላይ ደግሞ ስሩ መሃል ላይ ጥልቅ ቦይ ያለው ጫማ ጠጠር ይሰበስባል፣ እየቆማችሁ በእንጨት ስትፈለቅቁ ትውላላችሁ፣ በየመንገዳችሁ ስንት ጠጠር እንደያዘ ቁጠሩ፣ ቀልዴን አይደለም፣ እኔ ቆጥሬ ነው አንዱን ለታናሽ እህቴ የሰጠሁት፣ እሷ አስፓልት ላይ ብቻ ስለሆነ የምትሄደው ተመችቷታል።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ዳገትና አንድ ቁልቁለት ጨምሩ። ዳገት ተረከዝ ይወጣ እንደሆነ ያሳያል፣ ቁልቁለት የጣት ቦታን ያሳያል። ቁልቁለት ላይ ጣታችሁ ጫፍ ከነካ ክሩን ከላይ በኩል አጥብቃችሁ እንደገና ውረዱ፣ አሁንም ከነካ ለረጅም ቁልቁለት አታድርጉት። ከዛ በሶምሶማው መጨረሻ መቶ ሜትር ያህል አራት አምስት ጊዜ ፈጠን በሉ፣ በሙሉ ኃይል ሳይሆን። ለስላሳ ጫማ ላይ ስትፈጥኑ መሬቱ ጉልበታችሁን እየበላው የሚመስል ስሜት ካለ ጫማው ለሶምሶማ ብቻ ነው፣ ያ ደግሞ ምንም ማለት አይደለም፣ የእለት ጫማ ዋና ስራው ሶምሶማ ነው፣ ማወቁ ግን ጥሩ ነው። በመጨረሻ አንድ ረጅም ቀን፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስለ ጫማው ማሰብ ካቆማችሁ ተስማምቷችኋል። አንድ ቦታ ላይ ሃሳባችሁ እየተመለሰ ከሄደ፣ ትንሿ ጣት፣ የውስጥ ጎድጓዳው፣ ተረከዝ፣ እዛ ቦታ ላይ ውሃ ይቋጥራል፣ ቶሎም ባይሆን።

ስለ መቋጠር ካነሳን አበበ ቢቂላን ማንሳት አለብኝ፣ የኛው የሰሜን ሸዋ ልጅ ነው፣ መንዲዳ አካባቢ ጃቶ የተወለደ። ሮም ላይ በ1960፣ በኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ማለት ነው፣ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ፣ ጫማ አጥቶ አልነበረም፣ አዲሱ ጫማ እግሩን ስላልተመቸው ነው የተወው። ከአራት አመት በኋላ ቶኪዮ ላይ በጫማ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ደገመው። እሱ በባዶ እግሩ ይለማመድ ስለነበር ነው የቻለው፣ እኛ አንችልም፣ ግን ያልተስማማ አዲስ ጫማ ለትልቅ ቀን አላደረገም፣ ያን ግን እኛም እንችላለን። ሩጫ ውድድር ተመዝግባችሁ ከሆነ ጫማውን ቢያንስ ከሶስት ሳምንት በፊት ግዙት።

ለሌላው ኑሮ

ቤተክርስቲያን። ይሄ እንደ ሙከራ አይታሰብም ግን በየሳምንቱ የምናደርገው ነገር ነው፣ ጫማ ማውለቅና ማጥለቅ። ክሩ ሳይፈታ የማይወልቅ ጫማ ካላችሁ ከቸኮላችሁ ተረከዙን ረግጣችሁ ነው የምትገቡበት፣ ያ ደግሞ የኋላውን ማቀፊያ በሁለት ወር ይሰብረዋል፣ ከዛ በኋላ ያ ጫማ ዳገት ላይ ተረከዝ አይይዝም። ከኋላ ለመሳቢያ የሚሆን ጆሮ ያለው ምረጡ፣ ምላሱም ከጎን የተሰፋ ከሆነ ስታጠልቁ አይጠቀለልም፣ አቧራና ጠጠርም አያስገባም።

ቀለም፣ ስራ ቦታ ይዛችሁ የምትገቡ ከሆነ ጥቁር ወይ ጥቁር ሰማያዊ፣ ነጭ ሶል ያለው በመረሬ ጭቃ አንድ ክረምት አይቆይም። አለቀ።

ክረምቱ ግን ሰፊ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ላዩ ወንፊት የሆነ ጫማ በአምስት ደቂቃ ይርሳል፣ ጥያቄው ይርሳል ወይ ሳይሆን በስንት ሰዓት ይደርቃል ነው። አንድ ቀን ሆን ብላችሁ አርሱት፣ ውስጡን የሚነጠፈውን አውጡ፣ ጋዜጣ ወይ ያለቀ ደብተር ወረቀት ጠቅጥቁበት፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ወረቀቱን ቀይሩ፣ ነፋስ ባለበት ጥላ ላይ አስቀምጡት። በነጋታው ጠዋት ከደረቀ ጥሩ ነው። እንጀራ ከተጋገረ በኋላ ምጣድ ጎን ወይ ከሰል አጠገብ ማድረቅ የብዙዎቻችን ልማድ ነው፣ እባካችሁ ተዉት፣ ማስቲሹ ይለቃል ስፖንጁም ይኮማተራል፣ ጥሩ ጫማ እንደዚህ ሲሞት ሳይ አዝናለሁ። በማሽን አትጠቡት፣ በለብታ ውሃና በትንሽ ሳሙና በብሩሽ በቂ ነው።

ደብተር ያዙ

ከደብተር ኋላ አንድ ገጽ ይበቃል። የገዛችሁበት ቀን፣ በሳምንት ስንት ኪሎ ሜትር፣ የት አመማችሁ። የዚህ ዓይነት ጫማ አብዛኛውን ጊዜ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል ይባላል፣ በሳምንት 25 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው ከአምስት እስከ ሰባት ወር ማለት ነው፣ እኛ ደግሞ ስራና ገበያ የምንሄድበት ስለሆነ እርምጃውም ይቆጠራል፣ ስለዚህ ቀደም ብሎ ነው የሚያልቀው። ጎማው ስላላለቀ ጫማው አላለቀም ብላችሁ አታስቡ፣ ቀድሞ የሚሞተው ስፖንጁ ነው። ሳያምማችሁ ትሮጡ የነበረውን መንገድ ስትሮጡ አገዳችሁን ወይ ጉልበታችሁን ማመም ከጀመረና ሌላ የቀየራችሁት ነገር ከሌለ፣ ሰልባጅ ላይ እንዳየነው የስፖንጁን ጎን እዩ፣ አግድም መስመሮቹ በዝተው ይሆናል።

ያኔም አትጣሉት። ለሩጫ ያለቀ ጫማ ለገበያ ገና ነው፣ እኔ አሁን ያለኝን ከ600 ኪሎ ሜትር በኋላ ለእርምጃ አድርጌዋለሁ፣ አዲሱን ደግሞ ትናንት ነው ያመጣሁት፣ እስካሁን ሳሎን ውስጥ ነኝ፣ በግራ እግሬ አዲሱ በቀኝ አሮጌው፣ ግራው ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ነገ በረንዳ ላይ አሳድረዋለሁ።